የዶክተር ፓፓኒኮላውና የባለቤቱ የአንድሮማኪ ታሪክ

ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ ከጤና ጣቢያ የመጣችው ሲስተር ስለ ማህፀን በር ካንሰር አስረድታ ስትጨርስ፣ ቅድመ ምርመራ ያደረገች ካለች እጇን እንድታወጣ ጠየቀችን። አራት እጅ ወጣ። የእኔ አልነበረበትም። አንዳንዶቻችን ጊዜ የለንም አልን፣ ሌሎቻችን ዝም አልን። ዝም ያሰኘን ግን ማፈር ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ነው ይህ ምርመራ ከየት እንደመጣ ማንበብ የጀመርኩት። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ጆርጅ ፓፓኒኮላው በ1883 ኪሚ በምትባል የግሪክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ስለነበር ልጁም እንደ እሱ አገሩ ተቀምጦ በሽተኛ እንዲያክም ይፈልግ ነበር። ልጁ በ1904 አቴንስ ውስጥ በሕክምና ተመረቀ፤ ልቡ ያደላው ግን ወደ ምርምር ነበር። ጀርመን አገር ሄዶ በ1910 ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ፤ በዚያው ዓመት አንድሮማኪን አገባ። አሜሪካኖች በኋላ ሜሪ ብለው የሚጠሯት እሷ ናት።

በ1913 ባልና ሚስቱ ኒውዮርክ ሲገቡ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ በእጃቸው የነበረውም ለመግቢያ ከሚጠየቀው 250 ዶላር ብዙም አይበልጥም ነበር። እሷ በሳምንት 5 ዶላር እየተከፈላት የልብስ ቁልፍ ሰፋች። ሁለት ዲግሪ ያለው ባሏ ምንጣፍ ሸጠ፣ ምግብ ቤት ውስጥ ቫዮሊን ተጫወተ፣ በግሪክኛ ጋዜጣ ቢሮ ጸሐፊ ሆነ። በውጭ አገር እህት ወንድም ላለን ሰዎች ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም።

በ1914 ኮርኔል ሕክምና ኮሌጅ ቀጠረው። አንድሮማኪም ላቦራቶሪው ውስጥ አብራው መሥራት ጀመረች፤ መጀመሪያ ላይ ያለ ደሞዝ። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ይሆናል፣ ይህችን ነገር ሳነብ ቆም አልኩ። በደሞዝ መዝገብ ላይ የሌለ ሠራተኛ ሥራው እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው።

ፓፓኒኮላው በዚያን ጊዜ የሚያጠናው ካንሰርን አልነበረም። ጊኒ ፒግ በሚባሉት ትንንሽ እንስሳት ላይ ነበር የሚሠራው፤ የሴቷ እንቁላል መቼ እንደሚደርስ ለማወቅ ደግሞ እንስሳዋን ከመግደል ሌላ መንገድ አልነበረም። እሱ ለሰው አፍንጫ መመልከቻ የተሠራ ትንሽ መሣሪያ አምጥቶ ከብልታቸው ፈሳሽ ወሰደ፣ መስታወት ላይ ቀብቶም በማይክሮስኮፕ አየ። ሴሎቹ ቀን በቀን በተራ መልካቸውን ይለዋውጡ ነበር። ይህን በ1917 ከስቶካርድ ጋር አሳተመ።

ቀጣዩ ጥያቄ በሴት ልጅስ እንዴት ነው የሚል ነበር። ታዲያ ማን ትታይ? አንድሮማኪ ራሷን ሰጠች። ከ20 ዓመት በላይ ከራሷ ሰውነት ናሙና እየተወሰደ መስታወት ላይ ተቀባ፤ የጤነኛ ሴት ሴሎች በወር ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጡ በደንብ የታወቀው በእሷ ነው። ልጅ አልወለዱም። ጓደኞቿንም ቤቷ ጋብዛ ናሙና እንዲሰጡ ታግባባቸው እንደነበር፣ ከእነሱም አንዷ ኋላ ካንሰር እንደተገኘባት ይነገራል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሰው ስለዚህ ጉዳይ በሹክሹክታ እንኳ በማያወራበት ጊዜ ጓደኞቿን እንዴት አድርጋ እንዳነጋገረች ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ጤነኛው መልክ ስለታወቀ በሽተኛው ሲመጣ ተለየ። ሆስፒታል ውስጥ ፈቃደኛ ሴቶችን ሲመረምር የማህፀን በር ካንሰር ካለባት ሴት የተወሰደው ናሙና ውስጥ መልካቸው የተበላሸ ሴሎች አየ። በ1928 ባትል ክሪክ በተባለች ከተማ ግኝቱን አቀረበ። ሰሚ አላገኘም። ከማህፀን በር ሥጋ ቆርጦ መመርመር እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል አሉት። ሩማንያዊው ሐኪም ኦሬል ባቤሽም በዚያው ሰሞን ለብቻው ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት ነበር፤ እሱንም ያስተዋለው የለም።

ተጠራጣሪዎቹ ያልገባቸው ነገር ሥጋ የሚቆረጠው ምልክት ካየች ሴት መሆኑ ነው፤ ምልክቱ ሲታይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ፓፓኒኮላው ይዞት የነበረው ጤነኛ ነኝ ብላ የመጣችን ሴት የሚያይ ዘዴ ነው። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በ1939 ከማህፀን ሐኪሙ ከኸርበርት ትራውት ጋር በኒውዮርክ ሆስፒታል የማህፀን ክፍል ከሚገቡት ሴቶች ሁሉ ናሙና መውሰድ ጀመሩ። ምንም ሳይሰማቸው ካንሰር የያዛቸው ሴቶች ተገኙ። ጽሑፋቸው በ1941፣ መጽሐፋቸው በ1943 ታተመ። ምርመራው ከስሙ ፊደላት ተወስዶ ፓፕ ተባለ፤ በየጊዜው በሚደረግባቸው አገሮች በዚህ ካንሰር የሚሞቱት ሴቶች ቁጥር ከግማሽ በላይ ወርዷል።

ፓፓኒኮላው ያላወቀው መነሻውን ነው። ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስ እንደሚያመጣው የታወቀው እሱ ከሞተ በኋላ በ1980ዎቹ ነው። ቫይረሱ ብዙዎቻችንን ይነካና በራሱ ይጠፋል። ሳይጠፋ የቀረ እንደሆነ ሴሎቹን ቀስ እያለ ይለውጣል፤ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። ያ ሁሉ ዓመት ለእኛ የተሰጠ ጊዜ ነው። በዚያ መሀል ከተገኘ የተለወጠውን ቦታ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ማጥፋት ይበቃል። ካንሰር ከሆነ በኋላ ግን ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ኬሞቴራፒ ይመጣል።

በአገራችን ጤና ጣቢያዎች የሚሠራው ፓፕ አይደለም፤ ፓፕ ማይክሮስኮፕና ሴሎቹን የሚያነብ ባለሙያ ይፈልጋል። እኛ ጋ ነርሷ አሴቲክ አሲድ፣ ማለት አቼቶ ውስጥ ያለውን ነገር፣ የማህፀን በር ላይ ትቀባለች፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ከደቂቃ በኋላ ይነጣል። የሚታከም ከሆነ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለን ሁሉ ይመለከተናል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ እህቶች ከዚያ ቀደም ብለው ይጀምራሉ። ከግንኙነት በኋላ ወይም ወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም የሚያይ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያለባት ግን ተራ ምርመራ ሳትጠብቅ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባትም ከ2018 ጀምሮ በአገራችን አለ።

ፓፓኒኮላው በ1961 በማያሚ የካንሰር ተቋም ሊመራ ሄዶ በ1962 በልብ ሕመም ሞተ። ኖቤል አላገኘም። ግሪክ የ10,000 ድራክማ ብር ላይ ምስሉን አትማለች። አንድሮማኪ ከእሱ በኋላ 20 ዓመት ኖራ በ1982 አረፈች፤ የብሩ ላይ ምስል የእሱ ብቻ ነው።

በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ስም የሚመዘገብበት ደብተር ጸሐፊያችን ጋ አለ። እስከ ትናንት 11 ሆነናል።