የፈላ ውኃና የወንዝ ምንጭ፦ አንቷን ዳባዲ በግቤ አገር

ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እና ታናሽ ወንድሙ አርኖ በጃንዋሪ 19 ቀን 1846 በሊሙ-እናርያ፣ ባቢያ በተባለ ደን ውስጥ፣ ከአንዲት ምንጭ አጠገብ ቆመው የአገራቸውን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምንጯ ዛሬ በሊሙ ቡናዋ በሚታወቀው ምድር የግቤ ወንዝ ከሚነሣባቸው ውኃዎች አንዷ ናት። ለአንቷን ግን ከዚያ የላቀ ትርጉም ነበራት፤ የነጭ ዓባይን ምንጭ እንዳገኘ አምኖ ነበር። እምነቱ ስሕተት ሆነ። በዚያው ዘመንና በዚያው እጅ የተመዘገቡት የማዕዘን፣ የሙቀትና የከፍታ ልኬታዎች ግን የአገሪቱ ካርታ ከተሠራባቸው ቀደምት መሠረቶች መካከል ተቆጠሩ። ትክክለኛ ቁጥርና የተሳሳተ ድምዳሜ በአንድ ሰው መዝገብ ውስጥ እንዴት ጎን ለጎን ሊኖሩ እንደቻሉ መመርመር የመስክ መረጃ ለሚሰበስብ ሁሉ ይጠቅማል።

ዳባዲ በጃንዋሪ 1810 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ የባስክ ተወላጅ ፈረንሳዊ፣ እናቱ አየርላንዳዊት ነበሩ። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ፈረንሳይ ሄዶ በዚያ ተማረ። ከ1836 እስከ 1837 የምድርን መግነጢስ ለመለካት ወደ ብራዚል ተላከ፤ መሣሪያን በሩቅ አገር ሙቀትና እርጥበት መካከል ጠብቆ መያዝን በዚያ ተለማመደ። በ1838 መጀመሪያ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ገባ፤ በዚያው ዓመትም ጎንደር ደረሰ። የአገሩን ስፋትና ተራራማነት ካየ በኋላ የያዛቸው መሣሪያዎች እንደማይበቁ ተረድቶ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ሲመለስ ደግሞ ዐይኑ ላይ ጉዳት ደርሶበት ለሕክምና እንደገና ከአገር ለመውጣት ተገደደ። ሥራው ሁሉ በዐይን የሚሠራ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል መከራ አልነበረም።

ወደ ግቤ አገር የሚወስደው መንገድ የነጋዴዎች መንገድ ነበር። የጎንደርና የጎጃም ቅፍለት ዓባይን ተሻግሮ ወደ እናርያ ይወርዳል፤ ከዚያም ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና፣ መዘንጋት የሌለበት፣ በባርነት የተያዙ ሰዎችን ይዞ ይመለሳል። ዳባዲም በ1843 የገባው በዚሁ መንገድ ነው። የሊሙ-እናርያ ንጉሥ ኢብሳ፣ በፈረስ ስሙ አባ ባጊቦ፣ ከ1825 ጀምሮ የገዛና በግቤ ነገሥታት መካከል እጅግ የተፈራ መሪ ነበር። የገበያው ማእከል ሳቃ ነበረች። ዛሬ የጅማ ከተማ የቆመችበት የሂርማታ ገበያ በጎረቤቱና በተቀናቃኙ በጅማው አባ ጅፋር ቀዳማዊ ግዛት ውስጥ ነበር። በየግዛቱ ድንበር ኬላ አለ፤ ያለ ንጉሥ ፈቃድ መግባትም መውጣትም አይቻልም። ስለዚህ የልኬታ ጣቢያዎቹን ሥፍራና ጊዜ የወሰነው የሳይንስ ዕቅድ ብቻ አልነበረም፤ የገበያ ቀን፣ የወንዝ ሙላት፣ የቤተ መንግሥት ጉዳይም ወስነውታል። ወደ ከፋ የመግባት ዕድል ያገኘው እንኳ በሠርግ ምክንያት ነው። አባ ባጊቦ ከከፋ ንጉሣዊ ቤተሰብ ሙሽራ ሊያመጣ መልእክተኞች በላከ ጊዜ ዳባዲ ከእነርሱ ጋር ወደ ቦንጋ ተጓዘ። ቆይታው አጭር ነበር፤ ይህ ማጠሩም በኋላ ብዙ ጣጣ አመጣበት።

ከፍታን የሚለካበት ዋነኛ ዘዴ ዛሬም በማንኛውም ቤተ ሙከራ ሊደገም ይችላል። ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ በግምት አንድ ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይፈላል። ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ በምትገኘው ጅማ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ረዥሙ የሜርኩሪ ባሮሜትር በበቅሎ ጭነት ላይ በቀላሉ ይሰበራል፤ ትንሽ ማንቆርቆሪያና ጥሩ ቴርሞሜትር ግን በኮርቻ ከረጢት ይገባሉ። ጉዳቱ፣ የዲግሪ አንድ ዐሥረኛ ስሕተት ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ስሕተት ማምጣቱ ነው። በተጨማሪም በሐሩር ክልል የአየር ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ስለሚል ልኬታው የተወሰደበት ሰዓት ካልተጻፈ ቁጥሩ ግማሽ ዋጋውን ያጣል። ዳባዲ ሰዓቱን ይጽፍ ነበር።

ለአቀማመጥ ግን የተማመነው በቴዎዶላይት ነው። በዘመኑ አውሮፓ የሚሠራበት የሦስት ማዕዘን ልኬታ በመሬት ላይ በሰንሰለት የተለካ መነሻ መስመርና በየተራራው የቆመ ምልክት ይፈልጋል፤ ይህን በግቤ ነገሥታት ኬላዎች መካከል ማድረግ የማይታሰብ ነበር። እርሱ የመረጠው ዘዴ ፈጣንና ቀላል ነው። ከአንድ ኮረብታ ላይ ሆኖ አድማሱን ዙሪያውን እየቃኘ የሚታየውን ጫፍ ሁሉ አቅጣጫ በማዕዘን ይመዘግባል፤ በሚቀጥለው ጣቢያ እነዚያኑ ጫፎች ደግሞ ያነጣጥራል። የየጣቢያውን ኬክሮስ ከፀሐይና ከከዋክብት ከፍታ ያወጣል። አንድ ተራራ ከብዙ ጣቢያዎች ስለሚታይ ከመስመሮቹ አንዱ ሲሳሳት ከሌሎቹ ጋር አይገናኝምና ስሕተቱ ራሱን ይገልጣል። ቀሪው ችግር ስም ነው፤ ተራራውን በወዲያ በኩል ያሉት በአንድ ስም፣ በወዲህ ያሉት በሌላ ይጠሩታል። አማርኛና ኦሮምኛ ማወቁ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። የአገሬው መንገደኞችና ነጋዴዎች ያካፈሉት ዕውቀት ባይኖር ኖሮ ከ800 በላይ የሆኑት የካርታው ነጥቦች ስም አልባ ማዕዘኖች ሆነው በቀሩ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ድርሻ በሚገባው መጠን አልተነገረም።

እንግዲህ ስሕተቱ የመጣው ከየት ነው? ተራራ ከሩቅ ይታያል፤ በጥልቅ ሸለቆ የሚወርድ ወንዝ ግን አይታይም። ዳባዲ የግቤን ላይኛ ክፍል በዐይኑ አየ፣ ለካ። ግቤ ኦሞ ተብሎ ከከፋ በታች ወዴት እንደሚሄድ ግን በመሣሪያ አልተከተለም። በዚያ ክፍተት ውስጥ የሰው ወሬና የራሱ ምኞት ገቡ፤ ወንዙ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል ብሎ ደመደመ። የዓባይ ምንጭ በዘመኑ የአውሮፓ ጂኦግራፊ ታላቅ ጥያቄ ስለነበር መልሱን ይዞ የመመለስ ጉጉት ቀላል ፈተና አልነበረም። ያልተለካውን ከተለካው እኩል በእርግጠኝነት ማወጁ ጥፋቱ ነው።

ቅጣቱም ዘገየ እንጂ አልቀረም። ቀደም ሲል በጎጃም ቆይቶ ስለ ደቡቡ አገር ከነጋዴዎች መረጃ ያሰባሰበው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ በ1850 በለንደን ባሳተመው ጽሑፍ የዳባዲን የከፋ ጉዞ ራሱን ተጠራጠረ። ክርክሩ ከወንዙ አልፎ ወደ ሰውየው ታማኝነት ተሻገረ፤ የተሳሳተ ድምዳሜ እውነተኛውን ጉዞ ጭምር አስጠረጠረ። በዚያው ዓመት የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር ሁለቱን ወንድማማቾች ሲሸልም፣ ቢክ ከዚሁ ማኅበር ቀደም ሲል የተቀበለውን ሜዳልያ መለሰ። ስለ ዓባይ ቢክ ከዳባዲ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነበር፤ ስለ ጉዞው ግን ፍርዱ ፍትሐዊ አልነበረም።

ዳባዲ የሰጠው ዘላቂ መልስ መዝገቡን ማሳተም ነው። በሮዶልፍ ራዶ እጅ ተመርምሮና ተሰናድቶ ከ1860 እስከ 1873 የወጣው የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ መጽሐፍ ከዐሥር ገጽ ካርታ ጋር ማዕዘኖቹን በየጣቢያቸው ያቀርባል። በ1873 ደግሞ በብራዚልና በኢትዮጵያ ያደረጋቸው የፊዚክስ ምልከታዎች ለብቻቸው ታተሙ። አንባቢ ድምዳሜውን ትቶ ቁጥሩን እንደገና ማስላት ይችላል። ጊዜው ይህ ልማድ በባሕርም ላይ የሚስፋፋበት ነበር፤ በ1853 በብራስልስ የተሰበሰቡ የባሕር ኃይል መኮንኖች መርከቦች ነፋስን፣ ግፊትንና ሙቀትን በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲመዘግቡ ተስማምተዋል። ከዚያ የመነጨው ሥርዓት ዛሬ ሰው የሌለባቸው መሣሪያዎች ላይ ደርሷል። በፓስፊክ የምድር ወገብ ላይ በመልሕቅ ታስረው የተዘረጉት ተንሳፋፊ መለኪያዎች የነፋሱንና የውኃውን ሙቀት በሳተላይት ይልካሉ፤ የኢትዮጵያን የክረምት ዝናብ የሚተነብይ ባለሙያም የዚያን ውቅያኖስ ሙቀት ሳያይ አያልፍም። በመልሕቅ የታሰረ መሣሪያ የወንዝ ምንጭ የማግኘት ምኞት የለውም፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩን የሚተረጉመው ያው ሰው ነው።

ከኢትዮጵያ በ1848 ከወጣ በኋላ ዳባዲ ረዥም ዕድሜ ኖረ። ይዞት የሄደው ከ230 በላይ የብራና መጻሕፍት ስብስብ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ በ1881 ታተመ። በ1867 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ በ1882 ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት በሰባ ሁለት ዓመቱ ወደ ሄይቲ ተሻገረ። በሄንዳይ፣ ከባሕር ዳር በሠራው ግንብ ግድግዳዎች ላይ የኢትዮጵያ ሕይወት ትዕይንቶችን አሳለ፤ በዚያው የከዋክብት መመልከቻ አቋቋመ። የግንቡን ግድግዳዎች በአንድ መስመር አስበስቶ ላ ሩን የተባለውን ተራራ በማነጣጠር ብርሃን በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ ለማጥናት ሞክሮ ነበር። ሙከራው አልተሳካም፤ እርሱም ምንም እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ በባስክ ቋንቋ በሥፍራው አስቀረጸ። በ1846 በባቢያ ምንጭ አጠገብ ሰንደቅ የተከለው ሰው ይህን ማስቀረጹ የሚገርም ነው። ንብረቱን ለአካዳሚው ሲያወርስ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ በሃምሳ ዓመት ውስጥ እንዲጠናቀቅ ግዴታ አኖረ።

የግቤ ጥያቄ የተፈታው በሌሎች እግር ነው። በ1888 ቴሌኪና ፎን ሆኔል ሩዶልፍ ብለው ከሰየሙት ከዛሬው ቱርካና ሐይቅ ደረሱ። በ1896 የጣልያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ጓድ ኦሞን ተከትሎ ወርዶ ወንዙ ወደዚሁ ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ፤ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚያገናኘው መንገድ አልነበረም። ቦቴጎ ሲመለስ በማርች 1897 በምዕራብ ኢትዮጵያ ተገደለ። ዳባዲ በዚያው ወር በፓሪስ፣ በሰማንያ ሰባት ዓመቱ ሞተ።