ዑመር (ረ.ዐ) እና የሹማምንቱ የሀብት መዝገብ

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ኸሊፋ የሆኑት በ13 ዓመተ ሂጅራ (634 እ.ኤ.አ) ነበር። በአስር ዓመት የመሪነት ዘመናቸው ሻም፣ ዒራቅና ምስር በሙስሊሞች አስተዳደር ሥር ገቡ። ወደ መዲና የሚመጣው ገንዘብም በዛ። በየግዛቱ ከሚሾሙት ብዙዎቹ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓባዎች ነበሩ። ዑመር (ረ.ዐ) ግን የሰውን ደግነት ማወቅ ብቻውን ለሕዝብ ገንዘብ ዋስትና ይሆናል ብለው አልተዘናጉም።

አንድን ሰው ሲሾሙ በቅድሚያ ያለውን ሀብት ይመዘግቡ ነበር። በሹመቱ ላይ ሳለ ሀብቱ ከጨመረ ምንጩ ይጠየቃል። ከግዛታቸው የሚመለሱ ሹማምንት የያዙትን በጨለማ እንዳይሸሽጉ መዲና የሚገቡት በቀን እንዲሆን ማዘዛቸውም ተዘግቧል። አቤቱታ ሲደርሳቸው ሙሐመድ ኢብኑ መስለማን (ረ.ዐ) ልከው ያጣሩ ነበር።

የምስሩ አስተዳዳሪ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ሀብታቸው መጨመሩ ሲሰማ፣ አገሩ የእርሻና የንግድ አገር በመሆኑ ትርፍ እንዳገኙ ገለጹ። ዑመር (ረ.ዐ) በዚህ ብቻ አልረኩም፤ ኢብኑ መስለማን ልከው ሀብቱን አካፈሏቸው፤ የተወሰደውም ለበይቱል ማል ገባ። ሰውየውን ሌባ ማለታቸው አልነበረም። ሹመት ራሱ ለሌላው ሰው የማይከፈት በር ይከፍታል፤ በዚያ በር የገባ ትርፍ ላይ ሕዝቡም ድርሻ አለው።

ለልጆቻቸውም አልራሩም። ዐብዱላህና ዑበይዱላህ ከዒራቅ ሲመለሱ የበስራው አስተዳዳሪ አቡ ሙሳ (ረ.ዐ) የመንግሥት ገንዘብ አበደሯቸው። ነግደውበት አተረፉ። ዑመር (ረ.ዐ) ለሠራዊቱ ሁሉ እንዲህ ተበድሮ እንደሆነ ጠየቁ። አለመሆኑን ሲሰሙ ዋናውንም ትርፉንም እንዲመልሱ አዘዙ። በመጨረሻ በሌላ ሰው ምክር የትርፉ ግማሽ ለበይቱል ማል ሆነ።

በ23 ዓመተ ሂጅራ በፈጅር ሶላት ላይ ሳሉ በስለት ተወጉ። በሞት አፋፍ ሆነው ልጃቸው ዐብዱላህ ዕዳቸውን እንዲቆጥር አዘዙት፤ 86,000 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከቤተሰባቸው ሀብት እንዲከፈል፣ ካልበቃ ከጎሳቸው፣ ያም ካልበቃ ከቁረይሽ እንዲጠየቅ ተናዘዙ። የሹማምንቱን ሀብት ሲመዘግቡ የኖሩት መሪ የራሳቸውን ሒሳብ በዚህ ዘጉ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! በአገራችንም የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና የተወሰኑ የመንግሥት ሠራተኞች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል። ነገ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ይህን ቅጽ እንሞላለን። መዝገብ የሚጠቅመው ሲገለጥ፣ የፊቱ ከኋላው ጋር ሲነጻጸርና ልዩነቱ ሲጠየቅ ነው፤ ተቆልፎ ከተቀመጠ ወረቀት ብቻ ነው። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።