ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ ከመጀመሪያው ማራቶን በፊት የነበሩት ዓመታት

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ከጳውሎስ አካባቢ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው የእንጦጦ ተራራ ከፊቱ ይታየዋል። ከተራራው ማዶ ሱሉልታ ይገኛል። ሻምበል አበበ ቢቂላ ለመጀመሪያው ማራቶን ሰውነቱን ያዘጋጀው በእነዚህ ከፍታዎች ነው። ስሙ ሲነሳ በባዶ እግሩ የተቀዳጀው የሮም ድል አስቀድሞ ይታወሳል። ከድሉ በፊት የነበሩት የልፋት ዓመታት ግን እምብዛም አይነገሩም። ሩጫ ለመጀመር ለሚያስብ ዜጋ ይበልጥ የሚጠቅሙት ደግሞ እነዚያ ዓመታት ናቸው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በሰላሌ አውራጃ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ በወታደርነት ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ ስለ ማራቶን የሚያስብ ሰው አልነበረም። ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ መመለስ ግን የዘወትር ልማዱ ሆነ። የክብር ዘበኛ አሠልጣኝ የነበረው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ይህን ትጋት ተመልክቶ በሥልጠናው ውስጥ አካተተው። አበበ በ24 ዓመቱ ገደማ በጦር ኃይሎች ሻምፒዮና ተወዳድሮ ዋሚ ቢራቱን ተከትሎ ሁለተኛ ወጣ። በዚያ ዕድሜ ስሙ ከአገር ውጭ አይታወቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ማራቶን የሮጠው በ1952 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ነው። በወሩ በዚያው ከተማ ዳግመኛ ተወዳድሮ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ፈጸመ። ይህ ጊዜ ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ካስመዘገበው ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር፤ ያውም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ከተማ የተሮጠ ነው። አበበ በዚያ ክረምት ለማራቶን ጀማሪ ይሁን እንጂ ለሩጫ ጀማሪ አልነበረም። እግሩ፣ ሳንባውና ልቡ ርቀቱን የተለማመዱት ከውድድሩ ዓመታት አስቀድሞ ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ለውድድር ተሰለፈ። ማራቶን መሮጥ ከጀመረ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። የቀረበለት አዲስ ጫማ ለእግሩ ስላልተመቸው በልምምዱ እንደለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ውድድሩ ወደ ምሽት ሲዘልቅ መንገዱን ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን እየተመራ፣ በወረራው ዘመን ከኢትዮጵያ ተወስዶ በከተማዋ ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ አለፈ። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ተለይቶ ወደፊት የወጣው ወደ ፍጻሜው በተቃረበ ጊዜ ነበር። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፣ በ25 ሴኮንድ ልዩነት፣ በቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር አንደኛ ሆኖ ገባ።

ከአራት ዓመት በኋላ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ሌላ ፈተና ገጠመው። ውድድሩ ስድስት ሳምንት ሳይቀረው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ብዙዎች የመሮጡን ነገር ቢጠራጠሩም በሐኪምና በአሠልጣኝ ክትትል ወደ ልምምዱ ተመለሰ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸንፎ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ነበር የሮጠው። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩ ታሞ ስለነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ለማቋረጥ ተገደደ። ወርቁን የወሰደው የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ነው።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን የደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ አደረገው። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። መሮጥ ባይችልም ስፖርትን አልተወም። እዚያው ስቶክ ማንደቪል በተዘጋጀው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተሳተፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ ሥርዓተ ቀብሩም ብዙ ሕዝብ በተገኘበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ።

ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሮጥ የሚያስቡ ዜጎች ከዚህ የሕይወት ታሪክ የሚወስዱት ትምህርት አለ። ርቀት በአንድ ወቅት ጥረት የሚገኝ አይደለም፤ በአጭር እርምጃ ተጀምሮ በየጊዜው በጥቂቱ እየተጨመረ ይገነባል። ያልተለማመዱትን ጫማ በውድድር ዕለት ማድረግ ለጉዳት ይዳርጋል። ከቀዶ ሕክምና ወይም ከሕመም በኋላ ወደ ሩጫ የሚመለስ ሰው የሐኪም ምክርና ክትትል ያስፈልገዋል። የልብ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የመተንፈሻ አካል ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም ለረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ ያላደረጉ ሰዎች ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት በአቅራቢያቸው በሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንዲመረመሩ ይመከራል። በልምምድ መካከል የደረት ሕመም፣ ከባድ የትንፋሽ እጥረት ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከተሰማ ሩጫውን ወዲያው አቋርጦ ወደ ሕክምና መሄድ ተገቢ ነው። አበበን የመሰለ ብርቱ ሯጭም በሜክሲኮ ሰውነቱ እንቢ ባለው ጊዜ ውድድሩን አቋርጧል።