ቢያትሪክስ ፖተር በእንጉዳዮች መካከል

የጥንቸሉን የፒተርን ተረት ለልጆቹ ያነበበ ወላጅ፣ የደራሲዋ እጅ አስቀድሞ የዱር እንጉዳይን አካል በጥንቃቄ ይመረምር እንደነበር ምናልባት አይጠረጥርም። ቢያትሪክስ ፖተር እ.ኤ.አ. በ1866 በለንደን ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደች። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ የተማረችው በቤት ውስጥ ነው።

በ1892 ቤተሰቧ በእስኮትላንድ ሲሰነብት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከምታውቀው ከፖስተኛው ከቻርልስ ማክኢንቶሽ ጋር ስለ እንጉዳይ መወያየት ጀመረች። ይህ ትሑት ሰው በአገሩ ዕፅዋት ዕውቀት የተመሰከረለት ነበር። ሥዕሎቿን ተመልክቶ፣ ውበታቸው ብቻውን እንደማይበቃ አስረዳት። የባርኔጣውን ቀለም ዝናብና ዕድሜ ይለውጡታልና፣ ከሥሩ የተደረደሩት ስስ ንጣፎች ከግንዱ ጋር እንዴት እንደሚጋጠሙ፣ ለሁለት ሲሰነጠቅም ውስጡ ምን እንደሚመስል መታየት አለበት። ነገሩ የሥነ ጥበብ ብቻ አይደለም። ገዳይ የሆነው አማኒታ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ በግንዱ ግርጌ የሚገኘው ከረጢት ነው፤ ሳይቆፍር የቀጠፈ ሰው ምልክቱን አፈር ውስጥ ትቶት ይሄዳል። ማክኢንቶሽ ናሙና በፖስታ ይልክላት ነበር፤ እርሷም ሥዕል ትመልስለት ነበር። በ1893 በብሪታንያ እምብዛም የማይገኘውን፣ የጥድ ፍሬ የሚመስለውን ቅርፊታም እንጉዳይ አግኝታ ሣለችው።

ከዚያ በኋላ ማይክሮስኮፕ ይዛ ስፖሮችን ማብቀል ጀመረች። አጎቷ፣ ኬሚስቱ ሰር ሄንሪ ሮስኮ፣ ቢያግዟትም የኪው ዕፅዋት ማዕከል ሹማምንት በቅጡ አላስተናገዷትም። በሚያዝያ 1 ቀን 1897 ጽሑፏ ለሊንየስ ማኅበር ቀረበ፤ ሴቶች በስብሰባው እንዳይገኙ የተከለከለ ስለነበር ያቀረበው የኪው ባለሙያ ጆርጅ ማሲ ነው። ጽሑፉ ወዲያው ወጪ ሆኖ ተመለሰ፤ ዛሬ የለም። ስለዚህም ምን ያህል ትክክል እንደነበረች መፍረድ አይቻልም። አንዳንዶች የድንጋይ ሽበትን ጥምር ተፈጥሮ መጀመሪያ የተረዳች እርሷ ናት ይላሉ፤ ይህ ግን ከውለታ በላይ ማመስገን ነው፤ ስዊዛዊው ሽቬንድነር በ1860ዎቹ ተናግሮታልና።

በ1902 የታተመው የፒተር ታሪክ ዝናና ገንዘብ አመጣላት፤ በሐይቆች አውራጃ እርሻ ገዝታ በግ አርቢ ሆነች። በ1943 ስታርፍ የእንጉዳይ ሥዕሎቿ በአምብልሳይድ ለሚገኘው ለአርሚት ቤተ መጻሕፍት ተናዘዙ። በ1967 ፊንድሌይ የተባለው የእንጉዳይ ሊቅ ከእነዚሁ ሥዕሎች ከ50 በላይ መርጦ፣ እንጉዳይ ለሚለዩ ሰዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ አሳተማቸው፤ ሊንየስ ማኅበርም በ1997 የተፈጸመባትን በደል አምኗል።