ዙፋኑን ለወዳጁ የተወ ልዑል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ በኩዌት የምትገኙ የክርስቶስ ቤተሰቦች፣ ዛሬ የዮናታንን ሕይወት እንመለከታለን።

ዮናታን የእስራኤል የመጀመሪያው ንጉሥ የሳኦል ልጅ ነው። አልጋ ወራሹ እርሱ ነበር። ጀግናም ነበር፤ በማክማስ ጋሻ ጃግሬውን ብቻ አስከትሎ ገደሉን በእጁና በእግሩ ወጥቶ የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር አሸብሯል (1ኛ ሳሙ. 14)።

ዳዊት ጎልያድን በገደለ ጊዜ አባትና ልጅ አንዱን እረኛ በሁለት ዓይን አዩት። ሳኦል ቀንቶ ጦር ወረወረበት። ዮናታን ግን ካባውን አውልቆ ከሰይፉ፣ ከቀስቱና ከመታጠቂያው ጋር ሰጠው። ዳዊት በሕይወት ሳለ መንግሥቱ እንደማይጸናለት አባቱ ቢነግረውም፣ በፍላጻ ምልክት ሰጥቶ ወዳጁን አሸሸ። ስለ እርሱ ሲከራከርም የአባቱ ጦር በራሱ ላይ ተወረወረ። በዚፍ ምድረ በዳም ድረስ ሄዶ አጽናናው፤ ዳዊት እንደሚነግሥ፣ እርሱም ሁለተኛ እንደሚሆን ነገረው። አባቱንም ግን አልከዳም፤ ከእርሱ ጋር በጊልቦዓ ተራራ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ዳዊት በኬብሮን ሲነግሥ፣ አበኔር የዮናታንን ወንድም ኢያቡስቴን በመሃናይም አነገሠ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ብዙ ደም ፈሰሰ። ኢያቡስቴ 2 ዓመት ነግሦ በገዛ አለቆቹ እጅ ተገደለ። የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ግን በሁለት እግሩ ሽባ ሳለ፣ ስለ አባቱ ፍቅር በዳዊት ማዕድ ተቀመጠ።

በሀገራችንም ንጉሥ ሐርቤ በወንድሙ በቅዱስ ላሊበላ ቢቀናም፣ ኋላ በእግዚአብሔር ፈቃድ ዙፋኑን እንደለቀቀለት ገድሉ ይነግረናል። እንደ ሳኦል ጀምሮ እንደ ዮናታን ፈጸመ።

እኛስ? በሳልሚያ፣ በሐወሊ፣ በፈርዋኒያ በሰው ቤት እየሠራን ምን ዙፋን አለን እንል ይሆናል። አለን። ከእኛ በኋላ የመጣች እኅት ከእኛ የተሻለ ደመወዝ ስታገኝ፣ በመዝሙር ድምፅዋ ሲወደድ፣ በላክነው ገንዘብ የተሠራው ቤት ከወንድማችን ጋር ሲያካስሰን ዙፋናችን ይታወቃል። መብትን መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ለሌላው የተሰጠውን ጸጋ መጥላት ግን የሳኦል ጦር ነው።

እንግዲህ በመጪው አርብ ስንገናኝ፣ ያኮረፍናትን እኅት ቀድመን ሰላም እንበላት። በስልክ የዘጋነውን ወንድማችንንም እንደውልለት። የዮናታንን ልብ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።