ያለ መርፌ ትንፋሽን የለካው ሰው

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከመተንፈሻ ማሽን ሲላቀቅ፣ ዓይኔ ከአንዲት ቁጥር ላይ አይነሳም፦ በትንፋሹ ከሚያወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን። ቁጥሯ ሽቅብ ከወጣች በራሱ በቂ አየር እያስወጣና እያስገባ ላይሆን ይችላል። ለዚህች ቁጥር መንገድ የጠረገው ጆን ቲንዳል ነው።

ቲንዳል እ.ኤ.አ. በ1820 አየርላንድ ውስጥ ተወለደ። ወጣትነቱን ያሳለፈው መሬት ቀያሽ ሆኖ ነው፤ ስለ ደመወዝ ተከራክሮም ከሥራ ተባሯል። ከዚያ ለባቡር ሐዲድ ቀየሰ፣ አስተማረ። በ1848 ጀርመን ማርቡርግ ሄደና በሁለት ዓመት ዶክትሬቱን ያዘ። በ1853 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ፕሮፌሰር ሆነ። እዚያ ባልደረባው ማን መሰላችሁ? ማይክል ፋራዳይ!

በ1859 ዋናውን ሙከራ ጀመረ። የረጅም ቱቦን ሁለት ጫፍ እንደ መስታወት በጠራ የማዕድን ጨው ዘጋ፤ ውስጡን በጋዝ ሞላ። በአንድ በኩል የሙቀት ጨረር ልኮ፣ በሌላው በኩል ምን ያህሉ እንዳለፈ ለካ። ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጨረሩን ያሳልፋሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ግን ይውጡታል። ስለ ምድር ሙቀት ሲወራ ስሙ የሚነሳው በዚህ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ በዚያው ዘዴ የሰው ትንፋሽም ቤተ ሙከራው ውስጥ ተለካ።

ዛሬ የእኛም መሣሪያ የሚሠራው በኢንፍራሬድ ጨረር ነው። በሽተኛውን በየጊዜው እየወጉ ደም መቅዳትን ይቀንሳል። ግን የደም ምርመራን ሙሉ በሙሉ አይተካም። የልብ ጉልበት ደክሞ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ካነሰ፣ የትንፋሹ ቁጥር ደም ውስጥ ካለው በጣም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ቁጥር ስላማረ ብቻ ቱቦው ይውጣ አይባልም። ሰውየው ራሱ ይታያል እንጂ፦ ነቅቷል? ደረቱ በደንብ ይነሳል? ማሳል ይችላል?

ቲንዳል በስተርጅናው እንቅልፍ እምቢ ብሎት ክሎራል የሚባል ማስተኛ መድኃኒት ይወስድ ነበር። በ1893 አንድ ቀን የምትወደውና የምታስታምመው ባለቤቱ ሉዊዛ፣ የሆድ መድኃኒቱን የሰጠችው መስሏት ብዙ ክሎራል አጠጣችው። ስህተቱ ወዲያው ቢታወቅም አልተረፈም።

ሌሊት ተረኛ ስሆን እሱን አስባለሁ። ቁጥሯን አያለሁ፣ በሽተኛውን አያለሁ፣ ከዚያ የመድኃኒቱን ስም ደግሜ አነባለሁ።