ኢቫን ፓቭሎቭ

ኢቫን ፔትሮቪች ፓቭሎቭ (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1849 – ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1936) ሩሲያዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነበር። ውሾች እንዴት እንደሚማሩ በሙከራ በማሳየቱ ይታወቃል። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ፓቭሎቭ በርያዛን ከተማ ከካህን ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ከከፍታ ወድቆ ክፉኛ ስለተጎዳ ትምህርት ቤት የገባው በ11 ዓመቱ ነው። ካህን እንዲሆን መንፈሳዊ ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ በ1870 ግን ትቶት በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ቀጥሎም ሕክምና ተማረ። በ1891 በዚያው ከተማ በሚገኘው የሙከራ ሕክምና ተቋም የፊዚዮሎጂ ክፍል ኃላፊ ሆነ።

የውሾቹ ምራቅ

የመጀመሪያ ጥናቱ ስለ ምግብ መፈጨት ነበር። ውሾችን ቀዶ ካገገሙ በኋላ ከሆዳቸውና ከአፋቸው የሚመነጨውን ፈሳሽ ይለካ ነበር። ለዚህ ሥራው በ1904 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ከሩሲያውያን የመጀመሪያው ነው። ሆኖም ከቀዶ ሕክምናው የተነሣ ብዙ ውሾች ሞተዋል።

በጥናቱ መካከል ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይደርስ፣ መጋቢያቸውን ገና ሲያዩ ምራቃቸው መውረድ ጀመረ። ይህ ልኬቱን የሚያበላሽ እንቅፋት ነበር። ፓቭሎቭ ግን ዋና ጥናቱ አደረገው። ምግብ ከመስጠቱ በፊት የሜትሮኖም ምት ወይም ሌላ ድምፅ ደጋግሞ ሲያሰማ፣ ውሻው በድምፁ ብቻ ምራቁ ይወርድ ጀመር። ድምፁ ያለ ምግብ ሲደጋገም ደግሞ ምላሹ እየደከመ ሄደ። ይህ ሁኔታዊ ምላሽ ተባለ።

በ1924 ሌኒንግራድ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ ውሾቹ ከመስጠም ለጥቂት ተረፉ። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ የተማሩትን ምላሽ አጡ። ፓቭሎቭ ከዚህ ብርቱ ድንጋጤ ትምህርትን እንደሚያናጋ ተረዳ።

ለቡችላ አሳዳጊ ያለው ትርጉም

ውሻ የሚያያይዘው በጊዜ የተቀራረቡ ነገሮችን ነው። ቡችላ ከእንቅልፉ ሲነቃና ሲበላ ወዲያው ወደ ደጅ ቢወሰድ፣ እዚያ ሲጸዳዳም በዚያው ቅጽበት ቢሸለም፣ ቦታውንና ሽታውን ከመጸዳዳት ጋር ያያይዛል። ቤት ውስጥ ካበላሸ ከሰዓት በኋላ ቢመታ ግን ዱላውን ከጥፋቱ ጋር አያገናኝም፤ የሚማረው ባለቤቱ ሲመጣ መፍራትን ነው። ብዙ ሰው ጥፋተኝነት የሚመስለው ማቀርቀርና ጭራን መቆለፍም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ፍርሃት ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ረሃብ ላቦራቶሪውን ጎድቶት ነበር። በ1921 ሌኒን ለፓቭሎቭ ሥራ ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ አዘዘ። ፓቭሎቭ ግን ድጋፉን እየተቀበለም መንግሥቱን በግልጽ ይነቅፍ ነበር። በ1935 በተቋሙ ግቢ ለሙከራ ውሾች መታሰቢያ ሐውልት ቆመ። እሱም በዓመቱ በ86 ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ።